ጉልበቷ ድኖ ሳለ መርፌው ለምን ይቀጥላል?

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንድ አባት የሚከተለውን ጽፈዋል። የ9 ዓመት ሴት ልጃቸው መጀመሪያ ቀኝ ጉልበቷ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ግራ ቁርጭምጭሚቷ አብጦና ትኩሳት ይዟት፣ ሆስፒታል ተኝታ ለ11 ቀናት ታክማለች። ስትወጣ በተሰጣት ማጠቃለያ ላይ «አጣዳፊ የሩማቲክ ትኩሳት፣ በሚትራል ቫልቭ ላይ ቀላል የደም መመለስ» ተብሎ የተጻፈ ሲሆን በየ28 ቀኑ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ እንድትወጋ ታዟል። ልጅቷ አሁን ትሮጣለች፣ ትጫወታለች። በአጠገቧ ተኝቶ የነበረው፣ እንደ እሷ ጉልበቱ ያበጠ ልጅ ግን ይህ መርፌ ሳይታዘዝለት በሳምንት አንድ ቀን የሚዋጥ ሜቶትሬክሴት የተባለ መድኃኒት ይዞ ወጥቷል። በሰፈሩ ያለ አንድ ክሊኒክም መርፌውን «ኃላፊነት አንወስድም» ብሎ መልሷቸዋል። አባትየው ምርመራው ትክክል መሆኑን፣ የሁለቱ ልጆች ሕክምና ለምን እንደተለያየ፣ የዳነች ልጅ ለዓመታት መወጋት ይኖርባት እንደሆነ፣ የልቧ ነገርም ወደፊት ምን እንደሚሆን ይጠይቃሉ።

በቅድሚያ እንኳን ማረልዎት። ያነሷቸው ጉዳዮች በተመላላሽ ክፍል ከብዙ ወላጆች የምንሰማቸው ስለሆኑ ምላሹን ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ።

ጥያቄዎችዎን ሁሉ የሚያያይዛቸው አንድ ነጥብ አለ፤ መርፌው የታዘዘው ጉልበቷን ለማዳን አይደለም። ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ መርፌውን አንድ ጊዜም ባትወጋ በሳምንታት ውስጥ ይድኑ ነበር፤ አስፒሪን ወይም ናፕሮክሲን የሚሰጠውም ሕመሙንና እብጠቱን ለማስታገስ ነው። የሩማቲክ ትኩሳት መገጣጠሚያን ክፉኛ ያሳምማል፣ ነገር ግን ጠባሳ ሳይተው ይለቃል። የልብ ቫልቭን (የልብ ክፍሎችን መዝጊያ) ሲነካ ግን በተቃራኒው ሕመም ሳያሰማ ጠባሳ ሊተው ይችላል። ሆስፒታል ያስተኛት መገጣጠሚያዋ ነው፤ ለዓመታት ክትትል የሚያስፈልገው ግን ልቧ ነው።

የበሽታው አመጣጥ እንዲህ ነው። ቡድን ኤ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ጉሮሮን ያቆስላል፤ በቤት ውስጥ «ቶንሲል ያዛት» ተብሎ የሚታለፈው ሕመም አንዳንድ ጊዜ ይኸው ነው። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሚያዘጋጀው መከላከያ በአንዳንድ ልጆች ላይ የራስን ልብ፣ መገጣጠሚያ፣ አንጎልና ቆዳ ከባክቴሪያው ጋር እያመሳሰለ ያጠቃል። ይህ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ከጉሮሮው ሕመም ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ ወላጆች ሁለቱን አያገናኟቸውም፤ ጉሮሮዋን እንዳመማት ጨርሶ የማያስታውሱም አሉ። በብዛት የሚያጠቃው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ሲሆን፣ ባክቴሪያው ሰው በተጨናነቀበት በቀላሉ ይዛመታል። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ብዙ ሰው የሚያድርበትና የመማሪያ ክፍሎች ከአቅም በላይ የሚሞሉበት የከተማ ዳር ሰፈር ለዚህ የተመቸ ነው።

አንድ ጊዜ በዚህ በሽታ የተያዘ ልጅ ስትሬፕቶኮከስ እንደገና ጉሮሮውን ሲይዘው፣ በሽታው የሚመለስበት ዕድል ከሌላው ልጅ እጅግ የበዛ ነው። በተመለሰ ቁጥር ደግሞ ቫልቩ ተጨማሪ ጉዳት ይደርስበታል። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ከጡንቻ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ደም እየገባ ለሳምንታት ስለሚቆይ ባክቴሪያው ጉሮሮዋ ላይ እንዳይሰፍር ያደርጋል። የልጅዎ ጤንነት ዛሬ ጥሩ መሆኑ መርፌውን ለማቆም ምክንያት የማይሆነውም ለዚህ ነው፤ መርፌው የሚጠብቃት ገና ካልመጣው የጉሮሮ ሕመም ነው።

ምርመራው ትክክል መሆኑን ወደመጠየቅዎ ልመለስ። የሩማቲክ ትኩሳትን ብቻውን የሚያረጋግጥ የላቦራቶሪ ምርመራ የለም። ሐኪሞች የሚመሩት ዳኬት ጆንስ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1944 ባወጣውና ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ በተሻሻለው መስፈርት ነው። መስፈርቱ ዋና የሚላቸው ምልክቶች የልብ መቆጣት፣ የመገጣጠሚያ መቆጣት፣ ከፈቃድ ውጭ የሆነ የእጅና የፊት መወራጨት፣ ልዩ የቆዳ ሽፍታና ከቆዳ ሥር የሚወጡ እብጠቶች ናቸው። ትኩሳትና በደም ምርመራ የሚታይ የመቆጣት ምልክት ደግሞ በተጨማሪነት ይቆጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረገው ማሻሻያ እንደ እኛ በሽታው በብዛት ባለበት አገር መስፈርቱን ላላ አድርጎታል፤ በጆሮ ማዳመጫ የማይሰማ በልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ብቻ የሚታይ የቫልቭ ጉዳትንም ቆጥሮታል። እርስዎ በጠቀሱት ማጠቃለያ ላይ ሕመሙ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ተዛውሯል፣ በኢኮ የቫልቭ ጉዳት ታይቷል፣ ትኩሳት ነበራት፣ በደም ውስጥ የመቆጣት ምልክትን የሚለካው ኢ.ኤስ.አር 84 ደርሷል፣ የስትሬፕቶኮከስ ምርመራዋም ከፍ ብሎ ተገኝቷል። እነዚህ አንድ ላይ ሲታዩ የክፍሉ ሐኪሞች የደረሱበት ድምዳሜ አሳማኝ ነው።

እዚህ ላይ ከጉዳዩ ብዙ ሳልርቅ አንድ ነገር መናገር እፈልጋለሁ። ኤ.ኤስ.ኦ የሚባለው የደም ምርመራ ልጁ በቅርብ ጊዜ በስትሬፕቶኮከስ ተይዞ እንደነበረ ከመጠቆም ያለፈ ነገር አይናገርም። በተማሪ ልጆች ዘንድ ምንም ሳይታመሙ ቁጥሩ ከፍ ብሎ መገኘቱ የተለመደ ነው። በየሰፈሩ «እግሬን ይቆረጥመኛል» ያለ ልጅ ሁሉ ይህ ምርመራ ታዞለት፣ «ፖዘቲቭ» ሲባል ያለ ኢኮና ያለ በቂ ምርመራ ወርኃዊ መርፌ ይጀመርለታል። በእኔ እምነት ይህ ሁለት ጉዳት አለው፤ በሽታው የሌለበት ልጅ ለዓመታት በከንቱ ይወጋል፣ በሽታው ያለባቸው ቤተሰቦች ደግሞ «የእነ እገሌ ልጅ አቋርጦ ምን ሆነ?» እያሉ አስፈላጊውን መርፌ ይተዋሉ። የእርስዎ ልጅ ከዚህ ወገን አይደለችም።

በአጠገቧ የነበረውን ልጅ ሳልመረምር ስለ እሱ መወሰን አልችልም፤ ሜቶትሬክሴት መታዘዙ ግን ሐኪሞቹ የልጅነት የመገጣጠሚያ መቆጣት የሚባለውን ሌላ በሽታ አግኝተውበት እንደሆነ ያመለክታል። ይህ በሽታ ከ16 ዓመት በፊት የሚጀምር፣ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት በአንድ መገጣጠሚያ ላይ የሚቆይና ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት እብጠት ነው። የሩማቲክ ትኩሳት ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያም ወደ ክርን ይዘዋወራል፤ አስፒሪን ከተጀመረ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥም በአመዛኙ ይቀላል። ይህኛው ግን በያዘው መገጣጠሚያ ላይ ይሰነብታል። ልጁ ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ እግሩ ደርቆበት ያነክሳል፣ ረፋዱ ላይ እየተፍታታ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜም «ሕመም የለኝም» ይላል። ሕክምና ካላገኘ መገጣጠሚያውን ያበላሻል። ከዚያም በላይ ዓይን ሳይቀላና ሳያሳምም በውስጥ ተቆጥቶ ማየትን ሊጎዳ ስለሚችል፣ እነዚህ ልጆች ምንም ምልክት ባይኖራቸውም በየጊዜው የዓይን ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። የዚያን ልጅ ቤተሰብ የሚያገኟቸው ከሆነ ይህንን ቢነግሯቸው መልካም ነው፤ ሜቶትሬክሴቱ በሳምንት አንድ ቀን እንጂ በየቀኑ የሚዋጥ አለመሆኑንም ጭምር።

መገጣጠሚያቸውን አሟቸው ከሚተኙ ልጆች መካከል በእነዚህ በሁለቱ የማይጠቃለሉ ብዙ ናቸው። በእግርና በመቀመጫ ላይ ተጭኖ የማይጠፋ ቀይ ነጠብጣብ ከሆድ ቁርጠት ጋር የሚያመጣው የደም ስሮች መቆጣት አለ፤ የሰውነት መከላከያ የራስን አካል የሚያጠቃበት ሉፐስ አለ፤ የመገጣጠሚያ ሳንባ ነቀርሳም አለ። ሁለቱን ግን ለብቻ ማንሳት ያስፈልጋል። አንደኛው መግል የቋጠረ መገጣጠሚያ ነው። አንድ መገጣጠሚያ ብቻ በድንገት አብጦ ሲግል፣ ልጁ ትኩሳት ይዞት እግሩን አላስነካም ካለና መርገጥ ካቃተው፣ በሰዓታት ውስጥ ሆስፒታል ደርሶ ፈሳሹ በመርፌ መቀዳት አለበት። እንዲህ ያለውን ጉልበት «ወለም ብሎት ነው» ብሎ ወጌሻ ቤት ወስዶ ማሳሸት መገጣጠሚያውን ለዘለቄታው ሊያሳጣ ይችላል። ሁለተኛው የደም ካንሰር ነው። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የአጥንት ሕመም፣ መገርጣትና መክሳት ያለበት ልጅ የደም ምርመራው በጥንቃቄ ሳይታይ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ሊሰጠው አይገባም፤ መድኃኒቱ ለጊዜው ያሻለው ይመስልና ምርመራውን ያደበዝዛል። ከመድኃኒት ቤት በግምት የሚገዛ ማስታገሻም በመጠኑም ቢሆን ተመሳሳይ ችግር አለው፤ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው መዘዋወሩን ስለሚያስቆም ሐኪሙ የሚመራበት ምልክት ይጠፋል።

አሁን ወደ መርፌው። ለምን ያህል ጊዜ የሚለው በልቧ ሁኔታ ይወሰናል። በሰፊው የሚሠራበት መመሪያ ልብ ካልተነካ ለ5 ዓመት ወይም 21 ዓመት እስኪሞላት፣ ልብ ተነክቶ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ካገገመ ለ10 ዓመት ወይም 21 ዓመት እስኪሞላት፣ የቫልቭ ጉዳቱ ከቀረ ደግሞ ለ10 ዓመት ወይም እስከ 40 ዓመት ይላል፤ በሁሉም ረዘም ያለው ይወሰዳል፣ የሚቆጠረውም ከመጨረሻው ሕመም ጀምሮ ነው። በሁለተኛው ላይ 21ን በ25 የሚተኩ መመሪያዎችም አሉ። ስለዚህ የልጅዎ ጊዜ ከወዲሁ ተቆርጦ አያልቅም፤ በሚቀጥሉት ዓመታት በሚነሡት ኢኮዎች ይወሰናል። ጊዜው ረጅም መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ጉዳቱ ቀላል ሳለ መከላከል ብዙ ያተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመው በኡጋንዳ የተደረገ ጥናት ምልክት ሳይኖራቸው በኢኮ ብቻ የቫልቭ ጉዳት የተገኘባቸውን 818 ልጆች ለሁለት ዓመት ተከታትሎ ነበር። መርፌውን ይወስዱ ከነበሩት ጉዳቱ የከፋባቸው 0.8 በመቶ ሲሆኑ ካልወሰዱት ግን 8.2 በመቶ ነበሩ። የልጅዎ ሁኔታ ከእነዚያ ልጆች ጋር አንድ ባይሆንም፣ እሷ ትኩሳቱ በግልጽ የታየባት እንደመሆኗ መርፌው ለእሷ ይበልጥ እንጂ ያነሰ አያስፈልጋትም።

የቀን አቆጣጠሩ ላይ ጥንቃቄ ያድርጉ። ብዙ ወላጆች ቀጠሮውን «በየወሩ በ12፣ በሚካኤል» እያሉ ይይዙታል። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ይህ አያያዝ በየወሩ ሁለት ቀን ያዘገያል፤ በዓመት 13 መሆን የሚገባው መርፌ 12 ይሆናል። ከነሐሴ 12 እስከ መስከረም 12 ደግሞ ጳጉሜን ስለምትገባ 35፣ አንዳንድ ዓመት 36 ቀን ይሆናል። በደም ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ እየሳሳ ስለሚሄድ ልጅቷ ሳትጠበቅ የምትቀረው በእነዚያ ቀናት ነው፤ ያውም ትምህርት ቤት ተከፍቶ ልጆች ክፍል ውስጥ በሚታፈጉበት ሰሞን። በቀን ሳይሆን በዕለት ይቁጠሩ፦ መርፌዋ ቅዳሜ ከሆነ በየአራተኛው ቅዳሜ ማለት ነው። በሽታው በዚህ መካከል ከተመለሰባት ሐኪሟ በየሦስት ሳምንቱ ሊያደርገው ይችላል። ቀን ካለፋት የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ባስታወሱበት ዕለት ያስወጓት። አሁን 24 ኪሎ ስለሆነች የሚሰጣት 600 ሺህ ዩኒት ነው፤ 27 ወይም እንደየመመሪያው 30 ኪሎ ስትደርስ ወደ 1.2 ሚሊዮን ከፍ ማለት አለበት። በክትትል ካርዷ ላይ የድሮው መጠን እየተገለበጠ ለዓመታት የሚቀጥልበት አጋጣሚ ስላለ በየጊዜው እንድትመዘን እርስዎ ራስዎ ይጠይቁ።

ክሊኒኩ አልወጋም ማለቱን አልደግፈውም፣ ፍርሃቱ ግን ከምንም የመጣ አይደለም። ፔኒሲሊን ከባድ የአለርጂ ድንጋጤ ሊያስከትል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ በተለያዩ አገሮች የተደረገ ጥናት 1,790 ሕሙማን በወሰዷቸው 32,430 መርፌዎች ላይ ይህ የደረሰባቸው አራት ሰዎች ብቻ እንደነበሩ፣ ከእነሱም አንዷ እንደሞተች ዘግቧል። አደጋው ጥቂት ነው፣ ግን አለ። ስለዚህ መርፌው ለአለርጂ ድንጋጤ የሚሰጠው አድሬናሊን ተዘጋጅቶ በተቀመጠበት፣ ሠራተኛው ሁኔታውን በሚያውቅበት ቦታ መሰጠት አለበት። ከሆስፒታሉ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና ቀደም ሲል ያለ ችግር መወጋቷን የሚገልጽ ደብዳቤ ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ሁልጊዜም እዚያው አንድ ቦታ ብትወጋ ይመረጣል። የቫልቭ ጉዳታቸው በጣም ከባድ የሆነና ልባቸው የደከመ ሕሙማን ከመርፌው በኋላ በድንገት የሚወድቁበት ሁኔታ ስላለ ለእነሱ የሚዋጥ ፔኒሲሊን ሊመረጥ ይችላል፤ የልጅዎ ጉዳት ቀላል ስለሆነ ይህ እሷን አይመለከትም። የአፍሪካ ልብ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2015 እዚሁ አዲስ አበባ በአፍሪካ ኅብረት ተሰብስበው በሽታውን ለማጥፋት ባወጡት መግለጫ ካነሷቸው ጉዳዮች አንዱ የዚህ መርፌ አቅርቦት ነበር። በዚያው ከተማ ዳር የሚኖር አባት ዛሬም መርፌውን የሚወጋለት አጥቶ መንከራተቱ ያሳዝናል።

ሕመሙን ለመቀነስ ጥቂት ዘዴዎች አሉ። መድኃኒቱ ነጭና ወፍራም ስለሆነ መርፌውን ይደፍናል፣ ሲገባም ያማል። ዱቄቱ በደንብ ተበጥብጦ ብልቃጡ በእጅ መዳፍ ሞቅ ቢል፣ ቦታው በአውራ ጣት ለአሥር ሰከንድ ያህል ተጫን ተደርጎ ከዚያ ቀስ ተብሎ ቢወጋ ይቀላታል። በውሃ ፋንታ ሊዶካይን በተባለ ማደንዘዣ መበጥበጥም ሕመሙን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ይህንን ባለሙያውን ይጠይቁ። በባዶ ሆዷ አይውሰዷት፤ ተጋድማ ትወጋ፤ ከተወጋች በኋላም ቢያንስ 30 ደቂቃ እዚያው ትቆይ።

ስለ ልቧ የጠየቁት ላይ ተስፋ የሚሰጥ መልስ አለኝ። ሚትራል ቫልቭ በግራ በኩል ባሉት ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ያለ መዝጊያ ነው፤ በእሷ ላይ በደንብ ስላልገጠመ ጥቂት ደም ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀላል ከሆነና በሽታው ካልተመለሰ ብዙ ልጆች በዓመታት ውስጥ ይሻላቸዋል፣ በኢኮ ጨርሶ የማይታይበትም ጊዜ አለ። ትኩሳቱ ደጋግሞ ከተመለሰ ግን መመለሱ ይበዛል፣ ወይም ቫልቩ ጠባሳ ይዞ ይጠባል፤ ያኔ ጉዳዩ የቀዶ ሕክምና ይሆናል። በሆስፒታላችን በልብ ድካም ተኝተው ከምናያቸው ትልልቅ ልጆች ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ትኩሳት ሳይታወቅ ያሳለፉ ወይም መርፌ ያቋረጡ ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት በተሰጣት ቀጠሮ፣ ከዚያም ሐኪሟ በሚወስነው ጊዜ ኢኮ ትነሣ። ሐኪሟ ካልከለከለ ስፖርት ትሥራ፤ ጤነኛ ልጅን ቤት ማስቀመጥ አያስፈልግም። ስታድግና ለትዳር ስትደርስ፣ ከእርግዝና በፊት ቫልቩ መታየት እንዳለበት ከአሁኑ በካርዷ ላይ ይጻፍ።

በእግሯ ወይም በሆዷ ላይ እብጠት ካዩ፣ ተጋድማ መተንፈስ ካቃታት ወይም ሌሊት ሳል ካነቃት፣ ልቧ ያለ ምክንያት ቶሎ ቶሎ ከመታ፣ ራሷን ከሳተች በዕለቱ ይውሰዷት። ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ለቀናት ከቆየባትም ፀረ ተሕዋስያን ከመድኃኒት ቤት ገዝተው ሳይሰጧት ይምጡ፤ የተጎዳ ቫልቭ በተሕዋስያን ሊመረዝ ስለሚችል መጀመሪያ የደም ካልቸር (በደም ውስጥ ተሕዋስያን መኖራቸውን የሚያሳይ ምርመራ) መወሰድ አለበት። ጥርሷን በየቀኑ መቦረሽም የዚሁ ጥንቃቄ አካል ነው። የተለየ ሆኖ የሚታይ ሌላ ምልክት ደግሞ ደብተሯ ላይ ሊገኝ ይችላል። የእጅና የፊት መወራጨቱ ከጉሮሮው ሕመም እስከ ስድስት ወር ቆይቶ ሊመጣ ይችላል፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ይበዛል። የእጅ ጽሑፏ ድንገት ከተበላሸ፣ ፊደሉ ከመስመር እየወጣ ከተዝረከረከ፣ ብርጭቆ ከእጇ ከወደቀ፣ ያለ ምክንያት ካለቀሰች መምህሯ ለግድየለሽነት ሰጥተው እንዳይቀጧት አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ለእኛም ያሳዩን።

አብሯት አንድ አልጋ የሚጋራ ታናሽ ወንድም እንዳላት ጽፈዋል። እሱን በመርፌ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ጉሮሮውን ሲያመው ግን ችላ አይበሉት። ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ ያለበት ሕመም በአብዛኛው በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ፀረ ተሕዋስያን አያስፈልገውም። ሳል ሳይኖረው ትኩሳት ይዞት ሲውጥ ካመመውና የአንገቱ ንፍፊት ካበጠ ግን ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ተገቢው ሕክምና ከተጀመረለት የሩማቲክ ትኩሳቱን መከላከል ይቻላል፤ ለአሥር ቀን የሚወሰድ አሞክሲሲሊን ከታዘዘለት በሦስተኛው ቀን ቢሻለውም አሥሩን ቀን ይጨርስ። እንጥል ማስቆረጥ ይህንን በሽታ አይከላከልም፤ ደም መፍሰስና ቁስል ማመርቀዝ ስለሚያስከትል ዘመድ ቢመክርዎትም አይቀበሉት።